ለመንገደኛ የተሰቀለ ሶላር

እናንተዬ፣ ሶላር ገዝቶ ከፀሐይ የሚደብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖረው ጎረቤቴ ደምለው ነው። ከእንጅባራ ገበያ፣ በር የሚያህል ሶላር ገዝቶ መጣና አስፋልቱን በሚያየው ግድግዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሰቀለው። ላስቲኩን እንኳ አልላጠውም።

«ጣሪያ ላይ አውጣው እንጂ! እዚህ ፀሐይ መቼ ያገኘዋል?» አልሁት።

«ጣሪያ ላይ ማን ያየዋል? ደግሞ ፀሐይ ቀለሙን ትጨርሰዋለች» አለኝ።

ይሄ መልስ ነው? አምፖሉ ለምን እንደማይበራ እንግዳ ሲጠይቀው ደግሞ ጥፋቱን በደመና ያሳብባል።

ባለፈው ሳምንት ሴት ልጁን ምጥ ያዛት። በቤቱ ያለው ስልክ ሁሉ ባትሪ ጨርሷል። ደምለው እየሮጠ ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ ዘንድ ሄደ። እሳቸው ደብተር የምታህል ሶላር ከቀርከሃ አጥራቸው ላይ አስረው፣ ፀሐይ በዞረች ቁጥር እያዞሯት ስልካቸውን ቻርጅ ያደርጋሉ።

«እንካ ልጄ፣ ሙሉ ነው» ብለው ሰጡት።

አምቡላንስ ጠራ። ሾፌሩ ቤቱ በምን እንደሚታወቅ ሲጠይቀው፣ የእትዬ የሻረግን ስልክ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ደረቱን ነፋ።

«ከአስፋልቱ ይታይሃል! በሰፈሩ ትልቁ ሶላር ያለበት ቤት ነው!»