ውሃው ገና ነው

ጆሃንስበርግ ለሚኖር ሐበሻ «ወረቀት» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ። «እገሌ ወረቀት ወጣለት» ሲባል ስልክ ይደወላል፣ ለስላሳ ይከፈታል፣ ሰላምታ ነፍገውት የኖሩ ሳይቀሩ «እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ» ይሉታል። እንግዲህ በዚያ የኮሮና ዘመን እኔ ሞኙ በቤተ ክርስቲያናችን የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ «ወረቀት አገኘሁ» ብዬ ስጽፍ የወረደብኝን የምስጋና ዶፍ ገምቱት። አንዲት እህት በድምፅ ዘመረችልኝ። አንድ ወንድም ደግሞ በውስጥ መስመር «በማን በኩል አስጨረስከው?» አለኝ። ወረቀቱ ዓሣና ጥንቸል ለመሸጥ ሠልጥኜ ብቁ መሆኔን የሚመሰክር እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ሳስረዳ ዶፉ አባራ። እህታችን መዝሙሯን መልሳ አጠፋችው።

እኔ እንደ ብዙው የሆሳዕና ልጅ ቶኮዛ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ነበረኝ፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ። ሽጉጥ የያዙ ሰዎች ገብተው ባዶዋን ሲያስቀሯት የወራቤው ሰው ሐጂ ሙደሲር «ና እኔ ጋ ሥራ» አሉኝ። ሐጂ ዕድሜያቸውን ብርድ ልብስ በጅምላ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ከቤሪያ ሰፈር ፎቆች ሥር ያለውን የቤት እንስሳትና የዓሣ ሱቅ የገዙትም እንስሳ ወደው አይደለም፤ ባለቤቱ አገር ለቆ ሲሄድ ስለረከሰላቸው ነው። ውሻ እፈራለሁ ብላቸው «ውሻ ሽጥ ማን አለህ? የምትሸጠው ቀለቡን ነው» አሉኝ። ብዙ ሳይቆይ አገሩ ሁሉ ዝጋ ሲባል፣ የእንስሳት ቀለብ የሚሸጥ ግን ይክፈት ተባለ። ጫማ መሸጥ ወንጀል፣ የድመት ምግብ መሸጥ ግን አገልግሎት የሆነበት ጊዜ ነበር። እናንተም አላችሁበት፤ ታስታውሱታላችሁ።

ነገሩ ላላ ሲል ቤቱ ታሽጎ የከረመው ሰው ሁሉ ሕይወት ያለው ነገር አማረው። ሐጂም ዓሣና ጥንቸል እናምጣ አሉ። አቅራቢው ግን «የሠለጠነ ሰው ለሌለው ሱቅ ነፍስ ያለው ነገር አልሰጥም» ብሎ ድርቅ አለ። «ለጥንቸል ነው ኮርስ?» ብለው ሐጂ አንድ ቀን ሙሉ ሲቆጡ ዋሉና በማግስቱ እኔን አስመዘገቡኝ።

ትምህርቱ በስልክ ነበር። አስተማሪዬ ከእኔ የተሻለ የሚበላ ውሻ ሶፋዋ ላይ አስተኝታ ታስተምራለች። ጥንቸል በድንጋጤ ብቻ ልትሞት እንደምትችል፣ ነፍስ ያለው ነገር ከመሸጥ በፊት ገዢውን መጠየቅ እንደሚገባ፣ መልሱ ካላጠገበን ደግሞ መከልከል እንዳለብን ነገረችን። «አለመሸጥም ሙያ ነው» አለች። ይህን ለሐጂ ስተረጉምላቸው አማርኛዬን ተጠራጥረው አስደገሙኝ። ፈተናው በቪዲዮ ሆነ። ከሰፈር የተዋስኳትን ጥንቸል አቅፌ ስቀርብ ሸሚዜ ላይ ሸናችብኝ፤ ፈታኟ «ተረጋግታለች ማለት ነው» ብላ አሳለፈችኝ።

ወረቀቱ ከገንዘብ መቀበያው በላይ በተሰቀለ ሰሞን ባባ ማሴኮ መጡ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሚስታቸውን ያ በሽታ ወስዶባቸዋል፤ ቀብር ላይ ሰው በብዛት መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ጎረቤት እንኳ በወጉ አልሸኘላቸውም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን በኋላ ነው። ያን ቀን ያሉኝ «አንድ ዓሣ፤ ቀይ» ብቻ ነበር።

እኔ ትኩሱ ምሩቅ ጥያቄዬን ዘረገፍኩት። ዓሣ ኖሮዎት ያውቃል? ገንዳዎ ምን ያህል ነው? ሌላ ቦታ ቢሄዱ ማን ይመግብልዎታል?

ባባ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ ሚስት ሳገባ አማቴ የጠየቀኝ የጥሎሽ ላም ብቻ ነበር።»

ሐጂ ከኋላዬ ባማርኛ አጉረመረሙ። «ሽጥለትና ይሂድ! ዓሣ ነው የሚገዛው፤ ጉዲፈቻ አይደለም የሚወስደው።»

እኔ ግን ሙያዬን ይዣለሁ። ገንዳውን ሸጥኩላቸው፣ ዓሣውን ከለከልኳቸው። አዲስ ውሃ ዓሣ እንደሚገድል፣ እስኪረጋ ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ እስከዚያ በየቀኑ ቆንጠር አድርገው የዓሣ ምግብ እንዲበትኑበት ነገርኳቸው።

«ዓሣ የሌለበትን ውሃ ላበላ?»

«አዎ ባባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትንሽ ቀድተው ያምጡልኝ፤ እመረምርልዎታለሁ።»

ባባ ወደ ሐጂ ዞሩ። «ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?»

«ተምሯል» አሉ ሐጂ፣ በሐዘን።

ይቀራሉ ስንል ቅዳሜ የማርማላታ ጠርሙስ አንጠልጥለው ከች አሉ። መመርመሪያውን ጠብ ሳደርግበት ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ቢጫ ካልሆነ አልደረሰም ማለት ነው። «ገና ነው» አልኳቸው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ገና ነበር። መጀመሪያ ቆመው ነበር የሚጠብቁት፤ ቀጥሎ የውሻ ምግብ ከረጢት ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ሐጂ «ሽማግሌ ሰው ከረጢት ላይ!» ብለው ወንበር አመጡ፤ ከወንበሩ በኋላ ሻይ ተከተለ። ባባ የዙሉ ሰላምታዬን ያርማሉ። ሚስታቸው ኮረዳ ሳሉ ከባባ አውቶቡስ ላለመውረድ ሲሉ ሆን ብለው የራሳቸውን ፌርማታ እንዴት ያልፉ እንደነበር ይተርካሉ። ከነገሩ ግማሹ የማይገባቸው ሐጂ ሁልጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይስቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ውሃው ቢጫ ሆነ። ጥርት ያለ ቢጫ።

«ደረሰ ባባ! ዓሣዎን ይምረጡ!»

«እርግጠኛ ነህ? እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ያው ቢጫ ነው። ባባ የጀመሩትን ሻይ አስቀመጡ። ፊታቸው ጥውልግ አለ። እኔ ምሩቁ ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ ጠርሙሱን ደግሜ አየሁ። ሐጂ ግን ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቀው ወደ መብራቱ አነሱት፣ አገላብጠው አዩት፣ ራሳቸውን በኀዘኔታ ነቀነቁ።

«ውሃው ገና ነው» አሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ቅዳሜ ይምጡ።»

ባባ ሐሳባችንን እንዳንለውጥ የፈሩ ይመስል ጠርሙሳቸውን ተቀብለው ብብታቸው ሥር ወሽቀው ውልቅ አሉ።

«ሐጂ፣ ውሃው እኮ ደርሷል።»

«አይቼዋለሁ። ዓሣውን ከወሰዱ በምን ሰበብ ይመጣሉ?»

«ዓሣ ከገባበትም በኋላ ውሃው መመርመሩ አይቀርም እኮ። ኮርሱ ላይ...»

ሐጂ ፈጠጡብኝ። «ዓሣውን ወስደውም ቅዳሜ ይመጣሉ ነው የምትለኝ?»

«ቢመጡ ጥሩ ነው።»

«ታዲያ አሁን ነው የሚነገረው? ምንድነው የተማርከው አንተ!»

ነጠላ ጫማቸውን እያንቋቁ ወደ መንገዱ ሮጡ። «ባባ! ቡያ! ይመለሱ ባባ!»

እጃቸውን ይዘው መለሷቸው። እያለከለኩ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ወረቀቴ ጠቆሙ። «ውሃው ደርሷል፤ ተሳስቼ ነው። ዓሣውን ዛሬ ይወስዳሉ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ምርመራ ግዴታ ነው። ሕግ ነው።»

እንዲህ ያለ ሕግ በአገሩ የለም። እኔ አውቃለሁ፣ ሐጂ ያውቃሉ፤ ባባም ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ይሄ መንግሥት መቼም ሰው አያስቀምጥ» አሉና ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።