በጫማ የማይገባበት አውሮፕላን

ሰሞኑን ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ያበራል አሉ። ሌላኛው ያው ጌም ነው ይለዋል። ያኛው ደሙ ፈላ። ጌም አይደለም፣ ልምምድ ነው፣ እውነተኞቹ አብራሪዎችም የሚማሩት በዚህ ነው እያለ ኒውላንድ ሰፈር እስክንደርስ አልለቀቀውም። ልገላግላቸው አሰብኩና ተውኩት። እኔ ይህን ክርክር እዚሁ ጋምቤላ በደርግ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። መጨረስ እንኳ አልጨረስኩትም፤ ግን ስብሰባ ተቀምጬበታለሁ። እስቲ ላጫውታችሁ።

ያኔ ለስደተኞች እህል የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። እኛ ከተማ ሆነን እንልካለን፣ እህሉ ወደ ኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ ይሄዳል። አንድ ፈረንጅ ሥራውን ያቀላጥፋል ብሎ ኮምፒውተር አመጣ። ኮምፒውተር ስላችሁ የዛሬው እንዳይመስላችሁ። አረንጓዴ ጽሑፍ የሚያወጣ ትልቅ ሳጥን ነው። አቧራ አይወድም ስለተባለ ክፍሉ የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ሙቀትም አይወድም ተብሎ ማቀዝቀዣ ተገጠመለት። ጋምቤላን የምታውቁ ይገባችኋል። በዚያ ሐሩር ከተማውን ብትዞሩ እንዲያ የሚቀዘቅዝ ክፍል አታገኙም። ስለዚህ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ጉዳይ ኖረው። ሾፌሩ ሳይቀር ጫማውን አውልቆ ይገባ ነበር።

ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ማሽኑን ለኦሞት አስረከበው። ኦሞት የጋምቤላ ልጅ ነው፣ አኙዋ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ የሚያዘምር ረጋ ያለ ሰው። ከማሽኑ ጋር ከመጡት ዲስኮች አንዱ አውሮፕላን የሚበርበት ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። መሬቱ አንድ መስመር ነው። ማረፊያው ሁለት መስመር። ቁልፍ ስትጫን መስመሩ ዝቅ ይላል፤ ተነሳህ ማለት ነው። ከዚያ ትወድቃለህ። ሁላችንም የምንችለው እስከዚያ ነበር። ኦሞትን ቅር ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ባሮ የለበትም አለ። ወደ እኛ ከተማ የሚመጣ አብራሪ ባሮን ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ ወንዝ የሌለበት አገር ላይ ሰው እንዴት አድርጎ ያርፋል? ጥፋቱ የእኛ ሳይሆን የወንዙ ነው ብለን ተጽናናን።

ወሬው ጓድ ጌታሁን ጆሮ ደረሰ። ጓድ ጌታሁን የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው የውይይት ክበብን አይረሳም፤ በየሳምንቱ ተሰብስበን ስለ ወዛደሩ የምናነብበት፣ ከዚያም እርስ በርስ ሂስ የምንሰጣጣበት ነው። የዚያ ሳምንት ርዕስ አውሮፕላኑ ሆነ። ጨዋታ ነው ወይስ ልምምድ? እኔ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ጨዋታ አሸናፊ አለው፤ እዚህ ግን እስካሁን ያሸነፈ የለም፤ ስለዚህ ቁም ነገር ያለው ልምምድ ነው አልኩ። በንግግሬ ራሴው ረካሁ። ጓድ ጌታሁን መነጽሩን አስተካከለና፣ ልምምድ ከሆነ ወዴት ለመሄድ ነው የምትለማመዱት ብሎ ጠየቀ። የሱዳን ድንበር እኮ አፍንጫችን ሥር ነው።

ጨዋታ ነው ብንል በመንግሥት ንብረት መጫወት ነው። ልምምድ ነው ብንል ለመኮብለል መዘጋጀት ነው። የቱ ይሻላል? በሙሉ ድምፅ፣ በሞቀ ጭብጨባ፣ ጨዋታ መሆኑን አጸደቅን። በሥራ ሰዓት መንካትም ተከለከለ።

ይህን ጊዜ ባለቤቴ ብርነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያችን ነው። አንድ ቀን ከሆስፒታል ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። ፅንሱ ተጋድሟል፣ ምናልባት በቀዶ ጥገና ይሆናል፣ እዚህ ደግሞ ያንን የሚሠራ ሐኪም የለም፣ ጊዜው ሳይደርስ አዲስ አበባ ሂጂ ብለዋታል። ክረምት ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የጎሬ መንገድ ጭቃ ነው፤ በዚያ መንገድ ጤነኛውም ሰው ሆዱ ተገለባብጦ ነው የሚደርሰው። የቀረው አውሮፕላን ነው። ብርነሽ ደግሞ አውሮፕላን ላይ እግሬን አላሳርፍም አለች። ለመንኳት። ተቆጣኋት። እህቷ እዚያ እንደምትቀበላት ነገርኳት። አብሬያት እንዳልሄድ የተገኘው ቦታ የአንድ ሰው ብቻ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእሷ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነበርኩ። የማጣት እየመሰለኝ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ምን ልሠራ እንደገባሁ ይጠፋብኝ ነበር።

ለኦሞት አወራሁት። "አምጣት እዚህ። ትየው፤ ትልመደው" አለኝ።

ከሥራ ሰዓት በኋላ አመጣኋት። እግሯ አብጦ ስለነበር ጫማዋን ያወለቅኩላት እኔ ነኝ። ኦሞት ወንበር ጎትቶ አስቀመጣት። እኔም እንግዲህ ባል ነኝና፣ አውሮፕላን ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ላሳያት ቁልፉን ያዝኩ። ተነሳሁ። ተከሰከስኩ። ይቺ ማሟሟቂያ ናት ብዬ ደገምኩ። ተከሰከስኩ። ኦሞት ተካኝ። እሱ እንኳ ጸልዮ ነው የጀመረው፤ አልቀረለትም። ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ። ላበረታታት ብዬ ያመጣኋት ሴት ፊት ሁለት ትልልቅ ሰዎች እየተፈራረቅን አውሮፕላን እንጥላለን። ሳያት ግን ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

"በቃችሁ፣ እሄዳለሁ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "እኔ እኮ ይህን ሁሉ ጊዜ አብራሪውን ሳስብ አንተን ነበር የማስበው። ለካ ሌላ ሰው ነው።"

ሰደበችኝ ወይስ አጽናናችኝ? እስካሁን አልገባኝም።

እንዳትጨነቁ ቀድሜ ልንገራችሁ፤ በሰላም ደርሳ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ልጅቷም ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት። እኔ ግን በጉዞው ጠዋት ይህን ሁሉ የት አውቄ?

አውሮፕላን ሜዳው ድረስ ሸኘኋት። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ተነሳ፣ ከባሮ በላይ ዞረና ደመና ውስጥ ገባ። ድምፁም ጠፋ። ቤት ብሄድ ነጠላዋ እንደተሰቀለ ነው። መጋዘን ብሄድ መሄዷን የሰማ ሰው ሁሉ ያናግረኛል። እግሬ ወደዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ወሰደኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። ኦሞት ዲስኩን አስገባልኝና ወጣ። የሥራ ሰዓት ነው። የተከለከለ ነው፣ ያውም እኔው አጨብጭቤ። ተነሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የያዝኩት ነገር የለም። መስመሯ ዘንበል ስትል አቃናታለሁ፣ እንደገና ዘንበል ትላለች፣ እንደገና አቃናለሁ። አልወደቅኩም። በልቤ ጎሬን አለፍኩ፣ ጅማን አለፍኩ። በዚያ ቅዝቃዜ ላብ ያጠምቀኛል። እጄን ከለቀቅኩ እሷ የምትወድቅ ይመስለኝ ነበር።

ለካ ጓድ ጌታሁን ገብቶ ከኋላዬ ቆሟል። በካልሲ ስለሆነ አልሰማሁትም። ሳየው ደነገጥኩ፤ እጄን ግን ማንሳት አልቻልኩም። የሚለኝን አውቀዋለሁ፤ ጨዋታ፣ የሥራ ሰዓት፣ የመንግሥት ንብረት። ወንበር ሳበና አጠገቤ ተቀመጠ። ስክሪኑን አየ። መስመሯ ዘንበል አለች።

"ቀስ አድርገህ ጓድ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ነፍሰ ጡር ይዘሃል።"