ኪዳኔ ሐኪም ሲመረምር

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ መርማሪ አይጠፋም። ካዚኖ በሞላባት በዊንቸስተር ያለውን መርማሪ ደግሞ ኤልፍነሽ አግብታዋለች፤ ዕድሏ ነው! ክቡር ኪዳኔ ካዚኖ ውስጥ ሳህን ያነሳል፤ ልቡ ግን ፖሊስ ነው። «ወረቀቱ የታለ?» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። መኪና ሠሪውን ጠይቋል። ፓስተሩንም የት ተምረው እንደተመረቁ በምእመናን ፊት ጠይቋቸዋል። ያን እሑድ ኤልፍነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ፈረንጆቹ 1995 በሚሉት ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ የሁለት ዓመት ልጃቸው ልዕልት ደረቷ ሲር ሲር እያለ ትንፋሽ አጠራት። ኤልፍነሽ ታቅፋት ወደ ልጆች ሐኪም በረረች። ኪዳኔም ሺፍቱን ትቶ፣ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ ተከተላት።

ሐኪሟ ዶክተር ሎፔዝ ገና ወጣት ናት። ግድግዳዋ በዲፕሎማ ተሸፍኗል። ኪዳኔ አንድ በአንድ አነበበና፣ «ይኼንንማ ማንም ያሳትመዋል» አለ በአማርኛ። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ይዛ ስትጠጋ ደግሞ መሀል ገባ።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ሸሪፍ ካርድዎን ያሳዩኝ» አላት በእንግሊዝኛው።

«ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ? ልጅቷ መተንፈስ አቅቷታል እኮ!» አለች ኤልፍነሽ።

ኪዳኔ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን፣ የካዚኖ ሠራተኛ ሁሉ ከፖሊስ የሚያወጣውን ሸሪፍ ካርድ መታ መታ አደረገ። «እኔ ሳህን ለማንሳት አሥሩንም ጣቴን አሻራ ሰጥቻለሁ። ፖሊስ ታሪኬን ቼክ አድርጎ ነው ይቺን የሰጠኝ። ልጄ ከሳህን ታንሳለች?»

ሐኪሟ አማርኛው ባይገባትም ካርዱ ገባት። ሳቅ ብላ ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ሸሪፍ ካርድ አወጣች።

«ሐኪም እስክሆን ድረስ ካዚኖ ውስጥ መጠጥ አቀርብ ነበር» አለችው።

ኪዳኔ ፎቶውን ከፊቷ ጋር ሦስቴ አስተያየ። «ኤክስፓየር አድርጓል» ብሎ ለኤልፍነሽ ሹክ አለና ዞር አለላት።

ልዕልት ጭምብል ተደርጎላት የመድኃኒት እንፋሎት ስትስብ ቆየች። ቀስ በቀስ ደረቷ ሲር ሲር ማለቱን ተወ። ኤልፍነሽ አሁን ልኩን ልትነግረው ዞር ስትል፣ ያ ኮስታራ መርማሪ የልጁን ትንሽ እግር በሁለት እጁ ይዞ እንባውን ያፈሳል። ሲፈራ ኖሯል ለካ! አንጀቷን በላት።

ወዲያው አንዲት ነርስ መርፌ ይዛ ገባች። ኪዳኔ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ሳጉ አላናግር አለው።

ኤልፍነሽ መሀል ገባች።

«አንድ ጊዜ፣ እህቴ» አለቻት። «ወረቀትሽ የታለ?»