ጀርባውን ለክቡር እንግዳ የሰጠው አንቴና

ለትልቅ ሰው ጀርባ አለመስጠት ከአባቶቻችን የወረስነው ሕግ ነው። ይህን ሕግ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለብረትም ያስተማረች ከተማ ከጅማ ሌላ ካለች ንገሩኝ። እኔ በዚያ ታሪካዊ ዕለት የመድረክ አስተዋዋቂ ነበርኩና የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ለማጋነን የሚያበቃ ችሎታም የለኝም።

ታቢታ የምትባል የፊዚክስ መምህርት በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የአማተር ራዲዮ ክበብ አቋቁማለች። አማተር ራዲዮ ማለት ያለ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በገዛ ራዲዮህና በገዛ አንቴናህ ከሩቅ አገር ሰው ጋር መነጋገር ነው። ክፍሏን ግን የበላይ አካል ለድንኳንና ለምንጣፍ ማስቀመጫ ፈልጓታል። ስለዚህ ውሳኔ ወረደ፦ በክበቡ የምረቃ ዕለት፣ በክቡር ኃላፊው ፊት፣ ከጃፓን መልስ ከመጣ ክፍሏ ለክበቡ ትጸናለች፤ ካልመጣ ትታሸጋለች። ታቢታ የዕረፍት ጊዜዋን ሁሉ ለዚያች ክፍል ገብራለች፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ውሳኔ ከየት ይመጣል?

ጣጣው ያለው አንቴናው ላይ ነበር። የዓሣ አጥንት የመሰለ ረጅም ነገር ነው፤ ፊትና ጀርባ አለው። ድምፅ በርትቶ የሚሄደው በፊቱ በኩል ነው፤ በጀርባው በኩል ላለ ሰው ሹክሹክታ ቢደርሰው ነው። ታቢታ ለጃፓን ብላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዞረችው። የክብር ድንኳኑ ደግሞ የተተከለው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው።

የፕሮቶኮል ኃላፊው አቶ ፋሂም ቀና ብለው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«መምህርት፣ የዚህ ነገር ፊቱ የቱ ነው?»

«ያ ወደ ጃፓን የዞረው ነው።»

«ታዲያ ወደ ክቡርነታቸው የዞረው ምኑ ነው?»

«ጀርባው።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ አቶ ፋሂም። «ከሰቃና ከደዶ የመጣ እንግዳ ሁሉ እያየ?»

«ማሎ፣ እባክዎ አቶ ፋሂም፣ ብረት እኮ ነው። ካልሆነ ድንኳኑን ወደዚያ ማዶ እናሻግረው።»

«እዚያ ፀሐይ አለ።»

ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ ድንኳኑ አንዴ ተተክሏል፣ አይነቀልም፤ ጃፓንም በቦታዋ የቆየች አገር ናት፣ አትነቀልም፤ ስለዚህ የሚዞረው አንቴናው ነው። አንድ አባል «መልሱ ባይመጣስ?» ቢል ለጥያቄው ንዑስ ኮሚቴ ተሰየመለት።

የግቢው በያጅ ዳምጤ ምሰሶው ላይ ወጥቶ አንቴናውን ወደ ድንኳኑ አዞረው። አቶ ፋሂም ከታች ሆነው «ትንሽ ወደ ግራ፤ እዚያ የሚቀመጡት ምክትላቸው ናቸው» ይሉታል። እጅ የሚነሳ እንዲመስልም ጫፉን ጎንበስ አስደረጉት። ከምሬ ነው የምላችሁ፣ ከብዙ ባልደረቦቼ ይልቅ ያምርበት ነበር።

ታቢታ ወደ እኔ መጣች። «አለቀልኝ» አለች። «አንድ ተስፋ ብቻ አለኝ። ምድር ክብ ስለሆነች ድምፁ በዚህኛውም አቅጣጫ ዓለምን ዞሮ፣ በረጅሙ መንገድ ጃፓን የሚደርስበት ጊዜ አለ። ግን ሲመሻሽ ነው፤ ፕሮግራማችን ደግሞ ጠዋት ነው።»

«በእሱ አትስጊ» አልኳት። «ክቡርነታቸውን አውቃቸዋለሁ።»

ክቡርነታቸውም አላሳፈሩኝም። ሰዓት አክባሪ ናቸውና ለጠዋቱ ፕሮግራም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ።

ታቢታ ማይክሮፎኑን ይዛ ጠራች፤ መልስ የለም። ደግማ ጠራች፤ አሁንም ዝም። አቶ ፋሂም «የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው። አንጀቴን በላችኝ። እንደገና ስትጠራ ከራዲዮው ጩኸት መሃል አንድ ቀጭን ድምፅ ብቅ አለ፤ ጃፓናዊ ነው። ታቢታ «ጌታ ይመስገን» ብላ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ።

ጃፓናዊው ትሑት ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛ አመስግኖ ቀጠለ። እኔ ታማኝ አስተርጓሚ ነኝና አንድ ቃል ሳላስቀር ለሕዝቡ ተረጎምኩት፦ «ድምፅዎ በረጅሙ መንገድ ነው የመጣልኝ። ወደ ሠላሳ ሺህ ኪሎሜትር ተጉዟል። በአጭሩ ቢመጣ ዐሥር ሺህ ገደማ ነበር።»

እልልታው ቆመ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሦስት እጥፍ?» አሉ።

«አዎ፣ ግን ድምፅ እኮ ነዳጅ አይፈጅም» አለች ታቢታ።

«የነዳጅ ጉዳይ አይደለም፣ የአሠራር ጉዳይ ነው። አጭር መንገድ እያለ ለምንድን ነው ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም?»

ታቢታ አቶ ፋሂምን አየች። አቶ ፋሂም ሰማዩን አዩ። ኮሚቴው የየራሱን ጫማ አየ።

«እርስዎ በዚህ በኩል ስለሚቀመጡ ነው» አለች።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ አባቶች። በእኛ ቤት ግን ዳዋው ዝም ተብሎ አይመታም፤ መጀመሪያ ንግግር ይደረግለታል። ክቡርነታቸው ጉዳይን በአጭሩ ስለ መቋጨት አስፈላጊነት እስኪጨልም ድረስ ተናገሩ። ከዚያ ክፍሏ «የርቀት ብክነት ታይቶባታል» ተብላ ታሸገች፤ ምንጣፎቹም ገቡባት። አንቴናው በሥነ ምግባሩ ተመስግኖ እንዳጎነበሰ እንዲቆይ ተደረገ።

እኔ በጣም ተናድጄ ነበር፤ በማግስቱ ግን ደመወዝተኛ መሆኔ ትዝ አለኝና ተረጋጋሁ። ቅዳሜ ጠዋት ታቢታን ላጽናናት በባጃጅ ጊንጆ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። ማጽናናቱ አላስፈለጋትም። ራዲዮው የራሷ ስለሆነ ይዛው መጥታለች፤ ግቢዋ ውስጥም ቀርከሃ ላይ ሌላ ትንሽ አንቴና አቁማለች። ቀርከሃውን በእጇ ይዛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዞረችው፤ ጀርባው ወደ እኔና ወደ ሽንት ቤቱ ሆነ። ሁለታችንም ቅር አላለንም።

ስትጠራ ያው ጃፓናዊ መለሰ፤ የጎረቤት ያህል ይሰማል።

«ዛሬ በአጭሩ መንገድ መጡልኝ» አላት። «ጥርት ብለው ይሰማሉ። ምን አስተካከሉ?»

«ምንም አላስተካከልኩም» አለችው ታቢታ። «ዛሬ የክብር እንግዳ የለንም።»