የጌታቸው ሰማያዊ ሊንክ

ሰው በሀብት ቢቀና ያባት ነው፤ በመልክ ቢቀናም ይፈረድለታል። በቅንፍ የቀና ሰው ግን ከእኔ በቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁሉ ነገር በአንድ ለአምስት በሚደራጅበት ዘመን፣ ራቤል ከተማ የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። ስለ ወረዳችን ስለ ግሼ በዊኪ፣ ማለትም ማንም ገብቶ በሚጽፍበት የኢንተርኔት ገጽ፣ እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔ ስለ አድባራቱ፣ የጂኦግራፊው መምህር ጌታቸው ስለ ወንዙና ተራራው። ኮምፒውተሩ ያለው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ደግሞ ሠራተኛዋ ትዕግሥት አለች። ማንን ለማስደሰት እንደምጽፍ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

ጌታቸውን ኮምፒውተር ማብራት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይኸው ሰው የወንዙን ስም በሁለት ሁለት ካሬ ቅንፍ ቢያጥረው፣ ሲጫኑት ሌላ ገጽ የሚከፍት ሰማያዊ ሊንክ ሆኖ ቁጭ! ትዕግሥትም እንዴት እንደሚያምር ተናግራ አልጠግብ አለች። ኤችቲኤምኤል የሚሉትን የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ በስንት መከራ የተማርኩ ሰው በቅንፍ ልበለጥ?

የደብራችንን ስም በካሬ ቅንፍ አጠርኩና፣ ውስጡ ደግሞ የኤችቲኤምኤሉን ሹል ሹል ቅንፍ፣ እኩል ይሆናሉን፣ ጥቅሱን፣ ረጅሙን አድራሻ ደረደርኩበት። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በሌላው ተንጠልጠል ይባል የለ? ዊኪው ሁለቱንም ባላ ነቀለብኝ። ሊንክ መሆኑ ቀርቶ የጻፍኩትን ኮተት ሁሉ እንዳለ ገጹ ላይ ዘረገፈው።

በዚያው ሰዓት የደብሩን ታሪክ ሊያርሙልን መሪጌታ መጡ። የደብራቸው ስም በዚያ ሁሉ ሹል ምልክት ተከቦ ሲያዩ አማተቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህን አስማት ከየትኛው ደብተራ እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ብምል ብገዘት ማን ይመነኝ? ጌታቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በገበያው ቀን የኮምፒውተር መምህሩ ክታብ ይጽፋል ተብሎ ተወራ። ላማቸው የነጠፈችባቸው እናት ሳይቀሩ ደጄን ጠኑ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሬ ተንኳኳ። ትዕግሥት ናት! ጌታቸው አለቀለት አልኩ በልቤ። ወንበሩን በእጄ ጠርጌ አስቀመጥኳት። ብዙ ከተሽኮረመመች በኋላ፣ ለማንም እንዳልናገር አስምላ፣ ያንን ሹል ሹል ጽሑፍ በወረቀት እንዳደርግላት ለመነችኝ። ጌታቸው ዞር ብሎ እንኳ አላያትም አሉ፤ ስሙን መሐል ላይ አስገባልኝ አለች።

ጻፍኩላት። ሹሉን ቅንፍ ብቻ ነው ታዲያ፤ ካሬውንማ ምን በወጣኝ፣ እሱ ይሠራል!