ሽቅብ ሄዶ የቀረው ኳስ

(ዲላ፤ የዳምጠው ልብስ ስፌት ቤት፤ ከሰዓት በኋላ። ዳምጠው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጧል። በግድግዳው ላይ ለማጥበብ የመጡ የሰልባጅ ኮቶችና ኮፍያዎች ተሰቅለዋል። የተማሪነት ጓደኛው ሲሞን፣ ወርቃ በምትባል የገጠር ቀበሌ ቡና ማጠቢያ ጥበቃ የሚሠራው፣ ወፍራም ካፖርት ለብሶ ፌስታሉን እንደታቀፈ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በመሃላቸው የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች ተዘርግተዋል።)

ዳምጠው፦ ዘነዘና አይደለም አልኩህ!

ሲሞን፦ ዘነዘና ነው። ሙቀጫው ነው ፎቶው ውስጥ ያልገባው።

ዳምጠው፦ ባት ይባላል፣ ባት! ኳስ መምቻ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ከኋላው ተቀምጦ የሚያየው ቡና ሲወቅጥ መሰለህ?

ሲሞን፦ ያ ሁሉ ሕዝብ ከጠበቀማ ብዙ መውቀጥ አለበት። ለዚህ ነው የተቆጣው።

ዳምጠው፦ (መነጽሩን ወደ አፍንጫው እያወረደ) ሲሞን፣ አንተና እኔ አንድ ክፍል ተምረናል። ያ ፈረንጅ መምህራችን ዓመት ሙሉ ቤዝቦል አስተምሮናል። አንድም ነገር አልቀረህም?

ሲሞን፦ ቁም ሲለኝ እቆም ነበር። ሩጥ ሲለኝ ደግሞ ወዴት ብዬ እጠይቅ ነበር።

ዳምጠው፦ ይኸውልህ! እኔ ግን ጨዋታው ከነነፍሱ ነው የገባኝ። ስማ። ሰውዬው ኳሱን ይመታል። ከመታ በኋላ ይሮጣል። አንደኛውን ምልክት ይረግጣል፣ ሁለተኛውን ይረግጣል፣ ሦስተኛውን ይረግጣል፣ ዞሮ ዞሮ መጀመሪያ የቆመበት ቦታ ይመለሳል።

ሲሞን፦ እዚያው ለመመለስ ነው የሄደው?

ዳምጠው፦ አዎ።

ሲሞን፦ ታዲያ መጀመሪያውኑ ባይሄድስ?

ዳምጠው፦ ካልሄደ ነጥብ አያገኝም!

ሲሞን፦ እኛ ወርቃ ሰው ሄዶ ባዶ እጁን ሲመለስ ነጥብ አንሰጠውም። የት ነበርክ ነው የምንለው።

ዳምጠው፦ በቃ፣ ተወው። ከአንተ ጋር ስፖርት ማውራት ከዚህ መቀስ ጋር እንደማውራት ነው።

ሲሞን፦ (አንድ ካርድ አንስቶ በሐዘን እያየ) ግን እነዚህ ሰዎች መታወቂያቸው ካንተ ጋ ሆኖ ኬላ እንዴት ያልፋሉ?

ዳምጠው፦ መታወቂያ አይደለም! መሰብሰቢያ ካርድ ነው። አሜሪካኖች ይሰበስቡታል፣ ይለዋወጡታል። እኔ ግማሹን መምህሩ ሰጥቶኝ ነው፤ ግማሹን ደግሞ ለማጥበብ ከሚመጡልኝ ሰልባጆች ኪስ ውስጥ ነው ያገኘሁት።

ሲሞን፦ አየህ፣ ኮቱን ሲሰጥ መታወቂያውን ኪሱ ውስጥ ረስቶት ነው። ምስኪን።

ዳምጠው፦ ኮት ስትል... ይሄ የለበስከው ካፖርት ከየት ነው?

ሲሞን፦ ስጦታ ነው።

ዳምጠው፦ (ክንዱን ቆንጥጦ እያየ) ደህና ነው። እኔ የነበረኝ ግን ይበልጠዋል። እንዲህ ያለ ነበር፤ አዝራሩ ግን አራት ነው። ያንተው ሦስት ነው።

ሲሞን፦ አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ወደቀብኝ።

ዳምጠው፦ የኔን ካፖርት እኮ ነፋስ ወሰደው! ሙሉእመቤት አጥባ ከገመድ ላይ ብትሰቅለው ተነስቶ ሄደ። በዓይኗ ነው ያየችው። እጅጌውን ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣራው ላይ አልፎ ሄደ።

ሲሞን፦ ወዴት?

ዳምጠው፦ ወደ ላይ ነዋ! ባለቤቴ በዓይኗ ያየችውን ልጠራጠር? ለማንኛውም የጠራሁህ ለዚህ አይደለም። ነገ የድሮ ተማሪዎች በዓል አለ። መድረክ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ስለዚያች ምቴ ነው የምናገረው።

ሲሞን፦ ስለየትኛዋ?

ዳምጠው፦ ስለየትኛዋ! ዲላ ሙሉ የሚያውቃትን! የከተማ ልጆችና የገጠር ልጆች የመጨረሻ ጨዋታ። እኔ ባቱን ጨበጥኩ። መምህሩ ኳሷን ወረወረ። መታኋት! ሄደች። ሜዳውን አለፈች፣ እንሰቱን አለፈች፣ የዛፎቹን ጫፍ አለፈች...

ሲሞን፦ ከዚያ ወረደች።

ዳምጠው፦ አልወረደችም።

ሲሞን፦ እስካሁን?

ዳምጠው፦ እስካሁን! እናንተ የገጠር ልጆች ናችሁ ወርዳለች፣ ሰው ይዟታል ብላችሁ ያመጣችሁት ጣጣ። ኳሷ መሬት ሳትነካ ሰው ከያዛት መቺው ወጥቷል ማለት ነው። እኛ አልወጣም፣ እናንተ ወጥቷል። መምህሩ እጁን አንስቶ ሊፈርድ ሲል ከሶንጎ፣ ከጌዴኦ የዳኝነት ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው መጡ።

ሲሞን፦ እነሱን እንኳ አስታውሳለሁ።

ዳምጠው፦ ሁለት ወገን ተጣልቶ እንዴት አንድ ሰው ብቻውን ይፈርዳል፣ ያውም ልጅ እግር፣ ያውም እንግዳ ሰው ብለው ተቆጡ። መምህሩን ዛፉ ሥር አስቀመጡት። ሁለታችንንም ወገን አስቆሙን። የተናገረ ተናገረ። መምህሩ እኔ እኮ ዳኛ ነኝ ቢል፣ ልጄ ተራህን ጠብቅ አሉት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማልቀስ ጀመረ።

ሲሞን፦ ርቦት ነው።

ዳምጠው፦ በመጨረሻ እኔ ማልኩ። ኳሷ ሽቅብ ሄዳለች፣ አልወረደችም፣ የያዛት ሰው የለም ብዬ። ሽማግሌዎቹም ኳሷ እስክትገኝ የዳምጠው ቃል ይጽና ብለው መረቁ። አልተገኘችም፤ ቃሌ ጸና። ሙሉእመቤት የዚያኑ ዓመት እሺ አለችኝ። ትዳሬም፣ ስሜም፣ የነገው መድረክም ከዚያች ኳስ ነው የመጣው። ገባህ?

ሲሞን፦ (ፌስታሉን ወደ ደረቱ እየሳበ) ኳሷ እስክትገኝ ነው ያሉት?

ዳምጠው፦ አዎ። አሁን ካርዱን አውጣ። ለለቅሶ ወርቃ መጥቼ ግድግዳህ ላይ ያየሁትን። ነገ ከጀርባዬ ካርዶቹን ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ መሃሉ ላይ የዚያ ታላቅ ሰው ቦታ ክፍት ነው።

(ሲሞን ከፌስታሉ መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ ይገልጣል። ከገጾቹ መሃል የደበዘዘ ካርድ ያወጣል። ዳምጠው በሁለት እጁ ይቀበለዋል።)

ዳምጠው፦ እይ! እይ እስቲ አቋሙን! በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ተጫዋች አልተፈጠረም። ኮፍያውን አፍንጫው ድረስ ያወረደው ለምን ይመስልሃል? ሐሳቡ እንዳይበተን ነው።

ሲሞን፦ ኮፍያው ሰፍቶት ነው።

ዳምጠው፦ ለልብስ ሰፊ ስለ ልክ ትነግራለህ? በልኩ የተሰፋ ነው።

ሲሞን፦ የመምህሩ ኮፍያ ነው።

ዳምጠው፦ የአሰልጣኙ ማለትህ ነው። ጫማውንስ አየህ? እንዲህ ያለ ስፓይክ ዛሬ በገንዘብም አይገኝ።

ሲሞን፦ ኮንጎ ጫማ ነው።

ዳምጠው፦ ኮንጎ ጫማ አድርጎ አሜሪካ ቤዝቦል የሚጫወት! የተነሳበትን ቦታ ደግሞ እይ። ፍሎሪዳ ነው።

ሲሞን፦ በምን አወቅክ?

ዳምጠው፦ በሙዙ ነዋ! ከኋላው ያለውን ሙዝ አታይም?

ሲሞን፦ እሱ እንሰት ነው።

ዳምጠው፦ እንሰት! አሜሪካኖች ቆጮ በጎመን ይበላሉ ልትለኝ ነው?

ሲሞን፦ የሚበሉትን አላውቅም። እንሰቱን ግን አውቀዋለሁ። ከግንዱ አጠገብ ያለች አጥር የክፍል ጓደኛችን የእንግዳ አባት አጥር ናት።

ዳምጠው፦ አጥር አሜሪካ የለም ያለህ ማነው! ሲሞን፣ ዋናው ጓንቱ ነው። ጓንቱ ውስጥ ኳሷ አለች፤ አየህ? ይህ ሰው የያዛት ኳስ ተይዛለች ማለት ነው። ያዝኩ ካለ፣ ያዝኩ ነው። ዳኛ አያስፈልግ፣ ምስክር አያስፈልግ።

ሲሞን፦ ሽማግሌም?

ዳምጠው፦ ሽማግሌም! የዚህን ሰው ቃል የሚጠራጠር የጨዋታውን ሀሁ አያውቅም። ነገም መድረክ ላይ እንዲሁ ነው የምለው። በል፣ ሦስት ካርድ ልስጥህና ልቀቅልኝ።

ሲሞን፦ እሱ አንድ ብቻ ነው ያለኝ።

ዳምጠው፦ አምስት! ይሄን ሆዳሙንም ጨምሬ።

ሲሞን፦ ይሄን ሆድ ማን ይቀልባል? እኔ ደመወዜ ትንሽ ናት።

ዳምጠው፦ እሺ፣ ካፖርት ልስፋልህ!

ሲሞን፦ ካፖርት አለኝ። (ትንሽ አስቦ) ለነገ ብቻ ከሆነ ዝም ብለህ ውሰደው። ግን ይሄ ማነው ብለው ቢጠይቁህ ስሙን ምን ልትል ነው?

ዳምጠው፦ ስሙን ልትጠይቀኝ? ጆኒ ነዋ! ጆኒ ብለህ አሜሪካ የትም ብትጠይቅ ያሳዩሃል።

ሲሞን፦ ጆኒ አይባልም።

ዳምጠው፦ ማን ሊባል ነው ታዲያ?

(ሲሞን ይነሳል። ከተሰቀሉት ኮፍያዎች ትልቁን አንስቶ እስከ አፍንጫው ያጠልቃል። ግራ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ልክ እንደ ካርዱ ይቆማል። ዳምጠው ካርዱን ያያል፤ ሲሞንን ያያል፤ እንደገና ካርዱን ያያል።)

ዳምጠው፦ ... ጆኒ?

ሲሞን፦ (ከኮፍያው ሥር) ሲሞን ነኝ።

ዳምጠው፦ (ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ) ይሄ... ይሄ ታዲያ...

ሲሞን፦ እንሰት።

ዳምጠው፦ እንሰት! የጌዴኦ ልጅ ሆኜ፣ እንሰት ውስጥ ተወልጄ፣ ሙዝ አልኩት! (ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል) ቆይ። ቆይ ቆይ። ጓንቱ ውስጥ ያለችው ኳስስ?

ሲሞን፦ ያንተ ናት።

(ሲሞን ከፌስታሉ በደረቀ ኮባ የተጠቀለለ ነገር ያወጣል። ቀስ ብሎ ይፈታዋል። የጠቆረች፣ ስፌቷ የተላቀቀ ኳስ ካርዶቹ መሃል ያስቀምጣል።)

ሲሞን፦ ወረደች።

ዳምጠው፦ (ኳሷን በአንድ ጣቱ ነክቶ ጣቱን ይሰበስባል) ሽማግሌዎቹ ያን ሁሉ ሰዓት ሲከራከሩ አንተ የት ነበርክ?

ሲሞን፦ እንሰቱ ውስጥ። መምህሩ እዚህ ቁም፣ እስክጠራህ እንዳትነቃነቅ ብሎኝ ነበር። ኳሷ መጣች፣ ያዝኳት፣ ቆምኩ። አልጠራኝም። ሲጨልም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዳምጠው፦ እና ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም!

ሲሞን፦ ሰርግህ ላይ ይዣት መጥቼ ነበር። በደስታ ስትዘል ሳይህ ኪሴ መለስኳት። ዛሬ ካርድህን ይዘህ ና ስትለኝ ጨዋታው ሊቀጥል መሰለኝና ይዣት መጣሁ።

ዳምጠው፦ መምህሩስ? ይሄን ካርድ የሠራው እሱ አይደል? ማየቱን አይቷል!

ሲሞን፦ አይቷል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ካርቶን ላይ ለጥፎ ቆርጦ ሰጠኝ። አንተም ካርድ አለህ አለኝ። ለሽማግሌዎቹ አትነግራቸውም ወይ ስለው፣ እንደገና እነሱ ፊት ከምቀመጥ ዛሬውኑ አሜሪካ ብገባ ይሻለኛል ብሎ ሄደ።

ዳምጠው፦ (ራሱን ይዞ) አለቀልኝ! ነገ ያ ሁሉ ሰው ፊት... ያዝኩ ካለ ያዝኩ ነው ያልኩት እኔው ነኝ!

ሲሞን፦ እሱስ ብለሃል። ግን እኔ ያዝኩ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ካልጠየቁኝ አልናገርም። ኳሷንም ይኸው፣ ደብቃት።

ዳምጠው፦ (ዓይኑ እንባ ያቀርራል) ሲሞንዬ! ከልቤ ነው የምልህ፣ እንዳንተ ያለ ሰው የለም። ከልጅነት እስከ እውቀት ስሰድብህ ኖሬ! አንድ ነገር ብቻ ማልልኝ። ሙሉእመቤት ይቺን ኳስ እንዳታይ።

ሲሞን፦ እንዴት ነው የማታያት?

ዳምጠው፦ ማለት?

ሲሞን፦ ፎቶውን ያነሳችው እሷ ናት። መምህሩ ሲያለቅስ ካሜራውን እሷ ያዘችለት። ኳሷን ልፈልግ ብላ እንሰቱ ውስጥ ስትገባ አገኘችኝ። ፈገግ በል አለችኝ። በኮፍያው የተነሳ ካሜራው በየት በኩል እንዳለ አላየሁም።

ዳምጠው፦ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?!

ሲሞን፦ ከኔ ጋ ቆማ ነው ስትምል የሰማችህ።

ዳምጠው፦ ታዲያ... ታዲያ ለምን አገባችኝ?

ሲሞን፦ እሱን እኔም ጠይቄያት ነበር።

ዳምጠው፦ ምን አለችህ?

ሲሞን፦ ኳስ ሽቅብ ሄዳ ቀረች ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው፣ እኔ የምነግረውንም ሁሉ ያምናል አለች።

(ዳምጠው ኳሷን ያያል። ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ሲሞን ካፖርት ያነሳል። አዝራሮቹን፣ ከዚያም አራተኛው የተነቀለበትን ክር ያያል። ከመሳቢያው የጠፋውን ካፖርቱን አዝራሮች የሰፋበትን የክር ጥቅል አውጥቶ ከክሩ አጠገብ ይይዘዋል። አንድ ዓይነት ነው።)

ዳምጠው፦ ሲሞን... ካፖርቴስ?

ሲሞን፦ (አንገቱን ወደ ካፖርቱ ደፍቶ) እሱም ወርቃ ወረደ።