ልጄ ለእድሩ የተዋሰችው ዜማ

ሰው ኖርዌይ ሲገባ የማይቀይረው ነገር የለም። ጫማውን ይቀይራል፤ ለበረዶው ነው። ስሙን ያሳጥራል፤ ለአለቃው ምላስ ነው። የልደት ቀን እንኳ አይተርፍም፤ በኛ ብሎክ ከማውቃቸው ሐበሾች ግማሾቹ፣ እናቶቻቸው ተማክረው ያማጡ ይመስል፣ በስደተኛ ወረቀታቸው ላይ ሁሉም ጃንዋሪ አንድ ቀን ተወልደዋል። ዜማ ግን እንጃ። የዜማን ግጥም ገፍፋችሁ ሌላ ብታለብሱት፣ የድሮውን ይረሳል ትላላችሁ? እኔ ይህን ሳስብ ነው የከረምኩት።

ያሳሰበችኝ ልጄ ሊያ ናት። ኦስሎ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ የምታጠና ልጅ። አማርኛዋ ደህና ነው፤ ብቻ «ነይ» ስትለኝ በኖርዌይኛ እንቢ ማለቷ ይሁን በአማርኛ መጥራቷ፣ ፊቷን ካላየሁ አላውቅም። ያን ዓመት የያዘችው ጥናት ስለ ጥንቶቹ አሜሪካኖች ነበር፤ ከእንግሊዝ ንጉሥ ተላቀው አዲስ አገር ሲመሠርቱ ምን ይዘፍኑ እንደነበር። በየመጠጥ ቤቱና በየማኅበሩ ጽዋ እያነሱ ስለ አገር፣ ስለ ወንድማማችነት ያዜማሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ያው ነው እዚያም። ግጥሙ በወረቀት ታትሞ መንገድ ላይ ይሸጣል። ኖታ የለው፣ ምን የለው፤ ከላይ «በእገሌ ዘፈን ዜማ» ይባልበታል፣ በቃ። ዜማውን ሁሉም ያውቀዋላ።

«ማማ፣ የሚያስቀው ምን መሰለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሽንኩርት ስከትፍ መጥታ። «ከንጉሡ ተጣልተው፣ ለንጉሡ ዕድሜ የሚለመንበትን ዜማ ይዘውት ሄዱ። ለፕሬዚዳንታቸው ዘፈኑበት።»

«ዕቃ ተካፍሎ መለያየት ነው እንግዲህ፤ ምኑ ያስቃል?» አልኳት።

ለካ ነገር እያዋዛች ኖሯል። እዚሁ ሰፈራችን ሃውገሩድ ውስጥ እድር አለን። ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ክርስቲያኑ፣ እስላሙ፣ ብቻ በሰው አገር ስንሞት በወጉ የሚቀብረን እንዳናጣ ብለን አንድ ላይ ያቋቋምነው ነው። ሊያ ለዓመቱ ግብዣ መዝሙር ልጻፍላችሁ ብላ ተነሣች። እንደ አሜሪካኖቹ፦ የቆየ ዜማ፣ አዲስ ግጥም፣ ወንድማማችነት። እሰየው አልኩ። እዚህ የተወለደ ልጅ እድር ትዝ ሲለው ማን ይጠላል?

የግብዣው ሳምንት የመረጠችው ዜማ ከመኝታ ቤቷ ሲመጣ፣ የማጥበውን ሳህን ትቼ ውሃውን ዘጋሁ። ከምድር ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ከሰርግ ዘፈን ካሴቶቼ መሃል ያገኘችው ነው። የሰርግ መስሏታል። የሰርግ አይደለም። ከኤርትራ ጋር በተዋጋንበት ጊዜ፣ ሬዲዮው ጧት ማታ ዘማቹን ይሸኝበት የነበረ ዜማ ነው።

የእድራችን ዳኛ ደግሞ ጋሽ መሐሪ ናቸው። የአስመራ ሰው፣ መሃል ከተማ ሴንትሩም ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀልደኛ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ አለ። በዚያው ጦርነት የቀረ ልጃቸው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሻይ ስንጠጣ፣ እኔ ፎቶውን አይቼ እንዳላየሁ፣ እነሱም ማየቴን አይተው እንዳላዩ ሆነን ኖረናል። ጉርብትና ማለት አንዳንዴ ይኸው ነው።

ለሊያ ነገርኳት። «ነይ!» አለች አፏን ይዛ፤ ያን ጊዜስ ገባኝ። እንሰርዘው እንዳንል ግጥሙ ተበትኗል፣ ወጣቶቹ ተለማምደዋል። ሰረዝነው ብንል «ለምን?» የሚል ይመጣል፤ የ«ለምን?» መልስ ደግሞ ከዘፈኑ ይብሳል። በመጨረሻ ወደ ጋሽ መሐሪ ወረድኩ።

ብቻቸውን ነበሩ። ስለ ብርዱ አወራሁ፣ ስለ ቲባነው ባቡር መዘግየት አወራሁ፤ ወሬ ሲያልቅብኝ ተነፈስኩት። ሰሙኝና «እስቲ አንጎራጉሪልኝ» አሉ። እያፈርኩ አንጎራጎርኩ። ሳቃቸውን ለቀቁት።

«እሱማ እኛም ነበረን! እናንተን የምንሰድብበት ነው። ማን ከማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ። ተያት፣ ትዝፈን።»

«እትዬስ?»

ሳቁ ቆመ። «እኔ እነግራታለሁ» አሉ።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ሊያ ጀመረች። ወጣቶቹ ተከተሏት። የኛ ዕድሜ ሰዎች ግን ዜማውን አወቁት፤ ጉርሻ በየአፉ ቆመ፤ ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ መሐሪ ዞረ። ወጣቶቹም የሆነ ነገር ሸተታቸውና አንድ በአንድ ዝም አሉ። የልጄ ድምፅ ብቻውን ቀረ። እኔ መሬት ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ጋሽ መሐሪ ብድግ አሉ። «ምነው፣ ልጅቷን ብቻዋን ተዋችኋት?» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! አዳራሹ ተናጋ። ስለ ሃውገሩድ በረዶ፣ እንጀራ ስለሚበዳደሩ ጎረቤቶች የሚለውን ግጥም፣ ትናንት የተዋጋውም ያዘመተውም እኩል ተቀበለው። አንዳንዱ ያለቅስ ነበር። እፎይ ልል አፌን ስከፍት፣ የእትዬ ለተብርሃን ወንበር ባዶ መሆኑን አየሁ።

ኮሪደሩ ውስጥ አገኘኋቸው። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ ይዘው፣ ከተሰቀሉት ጃኬቶች አጠገብ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ጋሽ መሐሪ አልነገሩዎትም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አሉ። «ግጥሙንም አስነብቤ ሰምቻለሁ። ጥሩ አድርጋ ጽፋለች፤ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።»

«ታዲያ ይግቡ እንጂ፣ ይበርድዎታል።»

«ዜማው ሲያልቅ እገባለሁ፣ ልጄ።»

ቦርሳቸውን ተቀበልኳቸውና አጠገባቸው ቆምኩ። ከውስጥ የጋሽ መሐሪ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። አለቀ ስንል ይቀጥላል፣ አለቀ ስንል ይቀጥላል። ያች ልጄ፣ ለካ ብዙ ስንኝ ጽፋለች።